እናቴ የዘመረችበት ማይክ

ይህ ነገር የደረሰብን ዘንድሮ ጥር ላይ ነው። የዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ሴሚስተር ፈተናዬን ጨርሼ ለዕረፍት ቤት ነበርኩ። አሁን ወደ ትምህርቴ ተመልሻለሁ፤ ቤታችንም ከውጭ ለሚያየው እንደ ድሮው ነው። እኔ ግን ሰው እልል ሲል በሰማሁ ቁጥር ያ ቀን ይመጣብኛል። ያን ቀን እኔም ከልቤ እልል ብዬ ስለነበር ይመስለኛል።

በቅድሚያ ስለ ቤተሰባችን ትንሽ ልንገራችሁ፤ ያለዚያ ነገሩ አይገባችሁም።

የእናቴ አባት አቶ ወልደየስ ልብስ ሰፊ ነበሩ። ጠመንጃ ያዥ ውስጥ፣ እኔና እናቴ ዛሬም በምንኖርበት ቤት፣ የፊተኛው ክፍል ውስጥ ይሰፉ ነበር። በደርግ ጊዜ የእኛ የወንጌላውያን እምነት ተከታዮች የሚያመልኩት በየቤቱ ተደብቀው ነው። አያቴ ልጆቻቸውን መዝሙር ያስተማሩትም በዚያ ጊዜ ነበር። ልጆቹ ጓዳ ሆነው ሲዘምሩ እሳቸው የስፌት መኪናቸውን ይረግጣሉ። በደጅ የሚያልፍ ሰው የሚሰማው የመኪናውን ድምፅ ብቻ ነው። እናቴ "ምት የተማርኩት ከስፌት መኪና ነው" እያለች ታጫውተኝ ነበር።

ዘመኑ ሲለወጥ ልጆቹ በአደባባይ መዘመር ጀመሩ። ትልቁ አጎቴ ኤልያስ ኪቦርድ ይጫወታሉ፣ እናቴ ተናኜ ደግሞ ትዘምራለች። ሰው "የወልደየስ ልጆች" አላቸው፤ ስማቸው በዚያው ጸና። ሌሎች ዘማሪዎችም ተጨምረው ቡድን ሆኑ፤ ካሴት አወጡ። ከካሴቱ ውስጥ ስለ ደረቀ ጉድጓድ የሚናገረው መዝሙር በጣም ተወደደ። እናቴ መንገድ ላይ ስትሄድ ሰው እያስቆመ ይስማት ነበር ይባላል።

ይህን ያጫወቱኝ እትዬ ዘይነባ ናቸው። እትዬ ዘይነባ በግድግዳ የምንዋሰናቸው ጎረቤታችን ናቸው፤ ከወሎ የመጡ ሙስሊም፣ ቅመም ነጋዴ። "የእናትሽን መዝሙር እኔ እስላሟ በቃሌ ይዤዋለሁ። ምን ላድርግ፣ ግድግዳው ስስ ነው!" ይሉኛል።

ከሦስት ዓመት በፊት እናቴ የእንቅርት ቀዶ ጥገና ተደረገላት። እብጠቱ ትንፋሿን ማፈን ስለጀመረ ግድ ነበር። ሐኪሙ ለድምፅ የሚያገለግለው ነርቭ ሊነካ እንደሚችል አስቀድሞ ነግሯት ነበር፤ እሷም አውቃ ገባችበት። ሕይወቷ ተረፈ። ድምፅዋ ግን አልተመለሰም። ስትናገር ሻካራ፣ አየር የበዛበት ድምፅ ነው የሚወጣት። ልትዘምር ስትሞክር ደግሞ ሁለት ቃል ሳትል ይሰነጠቃል።

አጎቴ ቦታዋን ለልጃቸው ለቤቴል ሰጡ። ቤቴል ከእኔ ትንሽ ትበልጣለች፤ ጥሩ ድምፅ አላት። እናቴ ግን የመዘምራን ጋዋኗን ለብሳ ከኋለኛው መስመር መቆሟን አልተወችም። እዚያ ቆማ ከንፈሯን ታንቀሳቅሳለች።

"እማዬ፣ አይከብድሽም?" ብዬ ጠይቄያት ነበር።

"ቤቴ ነው። ከቤቴ የት እሄዳለሁ?" አለችኝ።

በዚህ ሁኔታ ላይ እያለን ነው አጎቴ ለቡድኑ ትልቅ የምስጋና ፕሮግራም ሊያዘጋጁ ያሰቡት። ለዕረፍት እንደመጣሁ ሰንጋ ተራ ወዳለው ኮንዶሚኒየማቸው ጠሩኝ።

"ሊዲያ፣ እንግዲህ አንቺ ዩኒቨርሲቲ ገብተሻል። የቡድናችንን ታሪክ ጽፈሽ መድረክ ላይ ታነቢያለሽ" አሉኝ።

በጣም ደስ አለኝ። አጎቴ የሚመሰገን ነገር ካላዩ በቀር ሰው አያመሰግኑም፤ በእሳቸው ዓይን መሙላት ለእኔ ትልቅ ነገር ነበር። ዘመድ ሁሉ ጋ እየሄድኩ ጠየቅኩ። የአያቴን የስፌት መኪና ነገር መግቢያው ላይ አደረግኩት።

አጎቴ አንብበው "ጎበዝ" አሉኝ። ከዚያ "ያንን መዝሙር እናትሽ ትዘምረዋለች፤ ብቻዋን" ብለው ጨመሩ።

"በየትኛው ድምፅዋ ጋሼ?"

"እምነት የለሽም እንዴ? ቤተ ክርስቲያኑ በሙሉ እየጸለየላት እኮ ነው።"

ለእናቴ ስነግራት ድስት እያጠበች ነበር። ድስቱን አስቀመጠችና እጇን ቀሚሷ ላይ ጠረገች። "ወንድም ጋሼ ራሱ አለ?" አለችኝ። አዎ አልኳት። ከዚያን ቀን ጀምራ ጾም ጸሎት ያዘች።

ፕሮግራሙ እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ልደታ አካባቢ ባለችው ቤተ ክርስቲያናችን ተደረገ። አዳራሹ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልቷል። ታሪኩን አነበብኩ፤ የስፌት መኪናው ላይ ስደርስ ሰው ሁሉ አጨበጨበ። ከዚያ እናቴ ወደ መሃል ወጣች።

ቡድናችን ሙሉ የሙዚቃ መሣሪያ የለውም። የሚዘምረው አስቀድሞ በተቀዳ ሙዚቃ ነው፤ እኛ ፕሌይባክ እንለዋለን። ሙዚቃው ከስፒከር ይወጣል፣ ዘማሪው ማይክ ይዞ ይዘምርበታል። አጎቴ ከኪቦርዳቸው ኋላ ሆነው ለሳውንድ ባለሙያው ለብሩክ ምልክት ሰጡት። ሙዚቃው ጀመረ። እናቴ ዓይኗን ጨፍና ማይኩን ወደ አፏ አስጠጋች።

የወጣው ድምፅ የድሮው ነበር።

እንዴት አድርጌ እንደምገልጸው አላውቅም። ንጹሕ፣ ሙሉ፣ የልጅነቴ ድምፅ። ከዚያ ከኋላ አንዲት ሴት ጮኸች፤ ሌላዋ ተከተለች። ሰው ወንበሩን ትቶ ተነሣ። ሽማግሌዎቹ እጃቸውን ወደ ላይ አንስተው ያለቅሱ ነበር። እናቴ በመሃል ዓይኗን ገልጣ ዙሪያዋን ስታይ ፊቷ ላይ ያየሁትን ነገር ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ሰው ፊት ላይ አላየሁም። እኔ ጉሮሮዬ እስኪነቃ እልል አልኩ።

መዝሙሩ ሲያልቅ በጉልበቷ ተንበረከከች። ፓስተሩ እንድትመሰክር የራሱን ማይክ ይዞ ወደ እሷ ሄደ። አጎቴ ግን ቀደሙት።

"አታናግሯት! መንፈስ ላይ ናት፤ አትንኳት!" ብለው ማይኩን ወሰዱ። "እህቴ ድምፅዋን ተቀበለች! በዓይናችሁ አያችሁ፣ በጆሯችሁ ሰማችሁ!"

ማታ ከአጎቴ ጋር ቤት ስንገባ እናቴ አንገቷን እያሻሸች ተናገረች። ድምፅዋ እንደ ወትሮው ሻካራ ነበር።

"ወንድም ጋሼ፣ ለምንድን ነው አሁንም እንዲህ የምሆነው?" አለቻቸው።

"ፈውሱ ገና አዲስ ነው" አሉ አጎቴ። "ድምፅሽን አሳርፊው። እኔ ዘምሪ ሳልልሽ እንዳትዘምሪ። ባታወሪም ይመረጣል።"

እሷም አመነች። በምልክት ነበር የምናወራው፤ ጨው ስትፈልግ ጣቷን ትልሳለች፣ እኔን ስትጠራ ጠረጴዛ ትመታለች። እንደዚያ ተጫዋች ሆና አላውቃትም። ከየአቅጣጫው ሴቶች እየመጡ እጇን እንድትጭንላቸው ይለምኗት ጀመር። አንዷ ንግግር የዘገየበትን ልጇን ይዛ መጣች፤ እናቴ ልጁን አቅፋ አለቀሰች።

እትዬ ዘይነባ ማር ይዘው መጡ። "አልሐምዱሊላህ! ዝም ያለው ግድግዳ ከብዶኝ ነበር እኮ" አሏት። "በይ አሁን ስትጀምሪ ደግሞ ቀስ ብለሽ ዘምሪ፤ በዱሮው አያያዝሽ እንቅልፍ አትሰጪኝም።" እናቴ አፏን በእጇ ይዛ ያለ ድምፅ ሳቀች።

አጎቴ ቪዲዮውን ዩቱብ ላይ ጫኑት። ብዙ ቦታ ይጠሯቸው ጀመር። እኔንም "ታምሩን ታሪኩ ላይ ጨምሪበት" አሉኝ። በዚያው ዕለት ጽፌ ሰጠኋቸው። እንዲያውም ሁለት ጊዜ አስተካክዬዋለሁ።

ከዚያ አጎቴ ለግብዣ ወደ ሐዋሳ ሄዱ። የእህቶች ኅብረት የጸሎት ቀን ነበርና እናቴ እኔን ይዛ ሄደች። በቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ባለችው ጠባብ አዳራሽ ነው የሚሰበሰቡት። መብራት ጠፍቶ ስለነበር በሩ ተከፍቶ በቀን ብርሃን ተቀምጠናል። የኅብረቱ መሪ፣ እህት ሙሉ፣ ጸሎቱ ሲያልቅ ወደ እናቴ ዞሩ።

"ተናኜ፣ አንድ ስንኝ ብቻ። እስቲ በቅርብ እንስማሽ።"

እናቴ ጉሮሮዋን እያሳየች ራሷን ነቀነቀች።

"ጌታ የሰጠሽን ከእኛ ትደብቂያለሽ?" አሏት እህት ሙሉ። ሌሎቹም "ኧረ ተነሽ! ኧረ ባርኪን!" አሉ።

እናቴ ወደ እኔ አየችና ፈገግ አለች። አልፈራችም። እስካሁን የሚያመኝ እሱ ነው፤ ምንም አልፈራችም። ተነሥታ ቆመች፤ እንደዚያ ቀን ዓይኗን ጨፈነች፤ አፏንም ከፈተች።

መጀመሪያ የወጣው አየር ብቻ ነበር። ቀጥሎ ጨርቅ ሲቀደድ የሚሰማው ዓይነት ድምፅ መጣ። ጉሮሮዋን ጠርጋ እንደገና ጀመረች። እንደገና ያው። ከኋላ የተቀመጡ ልጃገረዶች ሳቃቸውን ሊያፍኑ ሞከሩ፤ አልቻሉም። እናቴ ለሦስተኛ ጊዜ ሞከረች። ምነው በተቀመጠች እያልኩ ቀሚሷን ጎተትኩት፤ አልሰማችኝም።

እህት ሙሉ መጥተው አገጯን በእጃቸው ቀና አደረጉ። ክፉ ሴት አይደሉም፤ የእውነት ያዘኑ ይመስሉ ነበር።

"እህቴ፣ ምን ሠራሽ?" አሏት።

"ምንም።"

"የጌታ እጅ ዝም ብሎ አይመለስም። ምን ሠራሽ?"

"ምንም አልሠራሁም" አለች እናቴ በዚያ በተሰነጠቀ ድምፅ። ያቺ ልጇን አምጥታ የነበረችው ሴት እናቴ አጠገብ ነበር የተቀመጠችው። ልጇን አቅፋ ተነሣችና ሌላ ወንበር ላይ ሄዳ ተቀመጠች።

ከዚያ ወዲያ እጅሽን ጫኚልን ብሎ የመጣ ሰው የለም። በሁለት ቀን ውስጥ ወሬው ልደታን አዳረሰ። አመንዝራ ነው ያለ አለ፤ አስራት በልታ ነው ያለ አለ። አባቴ በሕይወት የለም፤ እናቴ ከሥራዋና ከቤተ ክርስቲያን በቀር የምታውቀው ቦታ የለም።

አጎቴ ከሐዋሳ እንደተመለሱ ቤታችን መጥተው ሰበሰቡን። እኔ፣ እናቴና ቤቴል ነን የነበርነው። እሳቸው ነገሩን ያስተካክሉታል ብዬ ሻይ አፍልቼ ጠበቅኳቸው።

"ሽማግሌዎቹ አዝነዋል" አሉ። "ሁላችንም ራሳችንን መመርመር አለብን። አንቺ ግን በተለይ መርምሪ።"

"ወንድም ጋሼ፣ ሙት፣ ምንም ያደረግኩት የለም።"

"እሱን እኔ አላውቅም፤ በአንቺና በጌታ መካከል ነው። በሚመጣው ወር መጀመሪያ እሑድ ጉባኤ ፊት ቆመሽ ትናዘዣለሽ። እስከዚያ ጋዋንሽ ከቤቴል ጋር ይቆይ።"

እናቴ ጋዋኑን ከቁም ሣጥን አውጥታ አጥፋ ለቤቴል ሰጠቻት። ቤቴል ስትቀበል ቀና ብላ አላየቻትም። አጎቴ ሲወጡ ወደ እኔ ጎንበስ ብለው "ስለ እናትሽ የጨመርሽውን ለጊዜው አውጪው" አሉኝ። ቪዲዮውንም ዩቱብ ላይ አጣሁት።

ከዚያ በኋላ እናቴ ኃጢአቷን መፈለግ ጀመረች። ሌላ ቃል የለኝም፤ ሰው የጠፋበትን ቁልፍ እንደሚፈልግ ነበር የምትፈልገው። ምግብ ተወች። የቆየ ነገር እያነሣች "እሱ ይሆን እንዴ?" ትለኛለች። የቤት ሠራተኛ የነበረችን ልጅ አንድ ጊዜ ተቆጥታ ነበር፤ ልጅቷን አፈላልጋ ጠመንጃ ያዥ ገበያ ውስጥ አገኘቻትና እግሯ ላይ ወደቀች። ልጅቷ ደንግጣ ሸሸቻት።

እትዬ ዘይነባ ጋም ሄደች። አብሬያት ነበርኩ።

"ዘይነባ፣ በውሃው ቧንቧ በተጣላን ጊዜ ስለተናገርኩሽ ይቅር በይኝ" አለቻቸው።

"እንዴ! በውሃው ጊዜ እኮ ሰዳቢዋ እኔ ነኝ! አንቺ መች አፍ ነበረሽ!"

"በልቤ ተቀይሜሽ ነበር።"

"እሰይ! ባትቀየሚ ነበር የሚገርመኝ።" ይህን ብለው ሊስቁ ሲሉ የእናቴን ፊት አዩ። ሳቁን ተዉትና እጇን ያዙ። "ተናኜ፣ ወላሂ አንቺ ላይ ነገር አላውቅም። ማነው እንዲህ የሚያንከራትትሽ?"

አንድ ቀን እናቴ "ያን ዕለት የዘመርኩትን አንዴ ልስማው" አለችኝ። ዩቱብ ላይ ስለሌለ ብሩክ ጋ ሄድኩ። ብሩክ የልጆች አባት የሆነ ትልቅ ሰው ነው፤ ከቤተ ክርስቲያኑ ብዙ ሳይርቅ ድምፅ መቅጃ ክፍል አለው።

"የእማዬን ድምፅ ብቻ ለይተህ ብትሰጠኝ" አልኩት።

ብሩክ ግራ ገብቶት አየኝ። "ከየት አምጥቼ? የእናትሽ ማይክ ዝግ ነበር እኮ።"

"ማለት?"

"ቤተሰብ አይደለሽ እንዴ? አልነገሩሽም? አጎትሽ የካሴቱን ድምፅ ሙዚቃው ላይ አስገብተው ነው የሰጡኝ። ማይኩን ዝጋው፣ ከፊቷ ያለውን ስፒከር ደግሞ ከፍ አድርገው አሉኝ።" ቀጥሎም "እሷም የምታውቅ መስሎኝ ነበር። እንዲያውም ስታለቅስ ሳያት፣ ሴትየዋ ትችልበታለች ብዬ አድንቄያት ነበር" አለኝ።

በእግሬ ሰንጋ ተራ ድረስ ሄድኩ። በር የከፈተችልኝ ቤቴል ናት፤ ፊቴን ስታይ ምንም ሳትለኝ ወደ ጓዳ ገባች። እንደምታውቅ ያኔ ገባኝ። አጎቴ ቴሌቪዥን እያዩ ነበር።

"ጋሼ፣ የእማዬ ማይክ ዝግ ነበር?"

ይክዳሉ ብዬ ነበር። አልካዱም። የቴሌቪዥኑን ድምፅ ቀነሱና "ተቀመጪ" አሉኝ።

"የሌላ ሰው ድምፅ አላሰማሁም፤ የራሷን ነው። ውሸቱ የቱ ጋ ነው?"

"ድኛለሁ ብላ እኮ አመነች!"

"ተደሰተች። ከታመመች ወዲህ እንደዚያ ስትደሰት አይተሻታል?"

"አሁን ግን እህል አትቀምስም። ያልሠራችውን ኃጢአት እየፈለገች ነው።"

"ማን ዘምሪ አላት? አትዘምሪ ብያት ነበር። ሰምተሻል።"

"እንግዲያው እውነቱን ለሽማግሌዎቹ ይንገሯቸው።"

ፈገግ አሉ። "አባታችን የስፌት መኪናውን ለምን ይረግጡ ነበር? ድምፅ ለመሸፈን። አንቺው ጽፈሽ አንብበሽዋል፤ ሰውም አጨብጭቦልሻል። እኔ ምን የተለየ ነገር አደረግኩ?"

አሁን ብዙ መልስ አለኝ፤ ያኔ ግን አንድም አልመጣልኝም።

"ደግሞ አስቢበት" አሉኝ ረጋ ብለው። "ብታወሪው የምትጎጂው እኔን አይደለም። መድረክ ላይ ማይክ ይዛ የታየችው ማን ናት? አላወቅኩም ብትል ከአንቺ ከልጇ በቀር ማን ያምናታል?"

ቤት ስገባ እናቴ ምስር እየለቀመች ነበር። ልንገራት ወይስ ልተወው ብዬ መንገዱን ሙሉ አስቤያለሁ። ሳያት ግን ነገርኳት። ጣቶቿ ትንሽ መልቀማቸውን ቀጠሉ፤ ከዚያ ቆሙ።

"ስለዚህ አልበደልኩም?" አለችኝ።

"አልበደልሽም እማዬ።"

ፊቷ በራ። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ በራ። ትከሻዋ ዝቅ አለ፤ በረጅሙ ተነፈሰች። እኔም ነገርኳት፣ በቃ፣ ዳነች ብዬ አሰብኩ። ከዚያ ግን ወደ ምስሩ አየች።

"ስለዚህ አልፈወሰኝም" አለች።

ይህኛውን አልጠየቀችኝም።

"ስዘምር ጉሮሮዬን በጣም ያመኝ ነበር" አለች ቆይታ። "የፈውሱ ሕመም መስሎኝ ነው።"

ፓስተሩ ጋ አሁኑኑ እንሂድ አልኳት። ብሩክን ምስክር አድርገን እንጠራዋለን አልኳት። እሷ ምስሩን በእጇ እየበተነችው ሰማችኝ።

"ብሩክ ራሱ ታውቃለች ብሎ አይደል ያሰበው?"

የተበተነውን ምስር ሰብስባ ቀጠለች።

"ኃጢአት ሠርቻለሁ ብላቸው ይቅር ይሉኛል። ማይኩ ዝግ ነበር ብላቸው አጭበርባሪ ይሉኛል። አጭበርባሪን ደግሞ ማንም ይቅር አይለውም። ወንድሜንም፣ ቤቴልንም፣ የአባቴንም ስም ይዤ ነው የምወድቀው።"

"ታዲያ ምን ልትዪ ነው?"

"የሚሆን ነገር አገኛለሁ።"

እሑድ ደረሰ። አዳራሹ ከምስጋናው ቀን የማይተናነስ ሰው ነበረው። ፓስተሩ ማይክ ሰጣት። በጋዋን ሳይሆን በቤት ቀሚሷና በነጠላዋ ነው የቆመችው።

"በወንድሜ ልጅ በቤቴል ቀንቻለሁ" አለች። "ቦታዬን ስትይዝ በልቤ ከፋኝ። ለዚህ ነው ጌታ የሰጠኝን የወሰደብኝ። ይቅር በሉኝ።"

ያን ቀን ማይኩ ክፍት ነበር። ያ ሻካራ፣ የተሰነጠቀ ድምፅዋ እስከ መጨረሻው ወንበር ድረስ ጥርት ብሎ ተሰማ። እሷ ስትናገር አጎቴ ከሥር ኪቦርዳቸውን ቀስ አድርገው መንካት ጀመሩ፤ ሰው ሲናዘዝ እንዲህ ማድረግ የተለመደ ነው። ቤቴል ከዘማሪዎቹ መሃል ፊቷን ሸፍና ተንሰቀሰቀች። ሰው ያለቀሰችው በይቅርታ ተነክታ ነው ብሎ "ሃሌ ሉያ" አለ። እህት ሙሉ ሮጠው እናቴን አቀፏት። አጎቴ ጋዋኑን አምጥተው ትከሻዋ ላይ ጣል አደረጉና ግንባሯን ሳሟት። እልልታው አዳራሹን አናወጠው።

እናቴ በሰው መሃል እኔን ፈለገችኝ። ዓይን ለዓይን ስንገጣጠም አጨበጨብኩላት። ሌላ ምን ማድረግ እችል ነበር?

ወደ ቤት በእግራችን ተመለስን። ሰው መንገድ ላይ እያስቆመ "እንኳን ደስ ያለሽ" ይላት ነበር። ሰፈራችን ልንደርስ ስንል ክንዴን ያዘችኝ።

"አመኑኝ?" አለችኝ።

"አመኑሽ እማዬ" አልኳት።

አሁን እናቴ ከኋለኛው መስመር ቆማ ከንፈሯን ታንቀሳቅሳለች። መብላት ጀምራለች። በአጎቴ ላይ አንድም ክፉ ቃል ስትናገር አልሰማሁም፤ እኔ ስጀምር ክፍሉን ትታልኝ ትወጣለች። እሳቸውን ሳገኛቸው እንደ ልማዴ ተነሥቼ ጉልበታቸውን እስማለሁ። እሳቸውም "ተባረኪ" ይሉኛል። አልጠላቸውም ብል እዋሻችኋለሁ።

ይህን ስጽፍ ስማችንን ሁሉ ቀይሬዋለሁ። እናቴ ብታነበው ግን ታውቀዋለች፤ በጣምም ትቆጣለች። እስከ ዛሬ እሷን የሚያስቆጣ ነገር አውቄ አድርጌ አላውቅም። ይህ የመጀመሪያዬ ነው።